እግር የት ይረፍ? ስለ አጭር ርቀት ሩጫ አረጋገጥ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ይጠፋል)

ዛሬ የምናወራው ስለ ሩጫ ነው። አገራችን ስሟ የሚነሳበትን ረጅሙን ሩጫ ለጊዜው እናቆየውና፣ ተጀመረ ሲባል ስለሚያልቀው ስለ መቶ ሜትር እንነጋገር። ከእሱም ውስጥ አንድ ጉዳይ ብቻ መዘን እንውሰድ። የሯጩ እግር መሬት ላይ የት ነው የሚያርፈው? እንዴትስ ነው የሚያርፈው?

ነገሩን ከበርሊን ልጀምር። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ2009 በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና ጃማይካዊው ዩሴይን ቦልት መቶ ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ጨረሰ። ከ60ኛው እስከ 80ኛው ሜትር ያለችውን 20 ሜትር የሸፈናት በ1.61 ሰከንድ ነበር። ይህ ወደ ሰዓት ሲመነዘር ከ44 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ከተማ ውስጥ መኪና በዚህ ፍጥነት ቢነዳ ትራፊክ ፖሊስ ዞር ብሎ ያያል። ታዲያ ያን ጊዜ፣ ሰውነቱ እንደዚያ እየተፈተለከ ሳለ፣ አንድ የአካሉ ክፍል ጨርሶ አይንቀሳቀስም ነበር። መሬት የረገጠው እግሩ!

ግራ የሚያጋባ ይመስላል እንጂ አስቡት። የረገጠ እግር ካልተንሸራተተ በስተቀር በቆመበት ነው የሚቆየው። በላዩ ላይ የሚያልፈው ዳሌው፣ ደረቱና ጭንቅላቱ ነው። ሰውነቱ ካለፈው በኋላ እግሩ ይነሳል፣ ከኋላ ተነስቶ ሰውነቱን ይደርስበታል፣ ይቀድመዋል፣ እንደገና ወርዶ ይቆማል። ቦልት በዚያ ቀን መቶውን ሜትር የጨረሰው በ41 እርምጃ ገደማ ነው። ስናካፍለው በአማካይ አንዱ እርምጃ ወደ 2.44 ሜትር ይሆናል፤ በሰከንድ ደግሞ ከአራት እርምጃ በላይ። በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለ ምርጥ ሯጭ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ለማይበልጥ ጊዜ ነው።

ፍጥነት የሚገኘው ደግሞ በዚያች ጊዜ ብቻ ነው። ሯጭ አየር ላይ እያለ ምንም ቢወራጭ፣ እጁንም እግሩንም ቢያማታ፣ አንዲት ነገር አይጨምርም፤ የሚገፋው ነገር የለማ! የሚገፋው መሬት ነው። ስለዚህ እግር የሚያርፍበት ቦታና የሚያርፍበት መንገድ የአጭር ርቀት ሩጫ ዋና ጉዳይ ነው።

በየትምህርት ቤቱ የስፖርት ሜዳ የምንሰማውን ምክር ታውቁታላችሁ። ልጁ እየሮጠ ነው፣ ከዳር የቆመው ሰው ይጮኻል፦ «እግርህን ዘርጋ! ረጅም ርገጥ!» ልጁም የታዘዘውን ያደርጋል። እግሩን ወደ ፊት ይወረውራል፣ ጉልበቱ ይዘረጋል፣ ተረከዙ ቀድሞ መሬት ይመታል። ርምጃው ሲያዩት ረዝሟል። ልጁ ግን ቀዝቅዟል።

ለምን? እግር ከሰውነት ርቆ ከፊት ሲያርፍ መሬቱ መልሶ የሚገፋው ወደ ላይና ወደ ኋላ ነው። ፍሬን ተያዘ ማለት ነው። ልጁ በየእርምጃው ፍሬን እየያዘ፣ ከዚያ የያዘውን ፍሬን ለማሸነፍ እንደገና እየገፋ ነው የሚሮጠው። በዚያ ላይ ጉልበቱ ክብደቱን ሲቀበል ይታጠፋል፣ ዳሌው ዝቅ ይላል፤ አሰልጣኞች «ተቀምጦ ነው የሚሮጠው» የሚሉት ይህንን ነው። እግሩም መሬት ላይ ከሚገባው በላይ ይቆያል። ረጅም እርምጃ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቦልትን ያየ ሰው ይህን አይልም። ግን የእርምጃ ርዝመት የሚመጣው መሬትን በኃይል ገፍቶ አየር ላይ በሚሄዱት ርቀት ነው። እግርን በመዘርጋት የሚገኘው ርዝመት የውሸት ነው።

እስቲ ቁሙና እንሞክረው። መኪና እየነዳችሁ የምትሰሙን ቤታችሁ ስትደርሱ ታደርጉታላችሁ። በአንድ እግራችሁ ቁሙ፤ ካስፈለገ ግድግዳ ያዙ። ሌላውን ጉልበት እስከ ዳሌ ከፍታ ድረስ አንሱ። የተነሳው እግር ጣቶች ወደ መሬት አይንጠልጠሉ፤ ቁርጭምጭሚቱን ሰብሰብ አድርጋችሁ ጣቶቹን ወደ ላይ ሳቡ። አሁን ያንን እግር ከቆማችሁበት እግር አጠገብ በፍጥነት አውርዱትና በፊተኛው የውስጥ እግራችሁ መሬቱን ምቱ። ሰውነታችሁ ወደ ላይ ሲገፋ ይሰማችኋል። ደግማችሁ ጉልበቱን አንሱና በዚህ ጊዜ እግሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ዘርግታችሁ አሳርፉ። ተረከዛችሁ ቀደመ አይደል? ክብደታችሁ ገና ኋላ ቀርቷል፤ ራሳችሁን ወደ እግሩ መጎተት ሊኖርባችሁ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ይህን ስል አንዳንዶች «እንግዲያው እግሩ ልክ ከዳሌ ሥር ይረፍ» ሊሉ ነው። እንደዚያም አይደለም። በሙሉ ፍጥነት ላይ ያለ ሯጭ እግሩ ሁልጊዜ ከዳሌው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የሚያርፈው። ልክ ከሥሩ ላሳርፍ ቢል ድጋፉ ሳይጠነክር ሰውነቱ አልፎት ወደ ፊት ይደፋል። እንግዲህ ጥበቡ ሁለት ነው፤ ያቺን ጥቂት ርቀት ማሳጠር፣ እና እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ወደ ኋላ መመለስ እንዲጀምር ማድረግ። ወደ ፊት እየሄደ ያለ እግር መሬት ሲያገኝ ይቧጭራል። ወደ ኋላ መምጣት የጀመረ እግር ግን ሲያርፍ ከመሬቱ ጋር ይስማማል፣ ፍሬኑም ይቀንሳል።

አሁን ወደ አንድ ጥናት ልውሰዳችሁ፤ ብዙ አሰልጣኞች የሚያምኑትን ነገር ገልብጦ ያሳየ ነው። በ2000 አሜሪካዊው ተመራማሪ ፒተር ዌያንድና ባልደረቦቹ አቅማቸው የተለያየ ሯጮችን መሬት የሚመቱበትን ኃይል በሚለካ ትሬድሚል ላይ አስሮጡ። ፈጣኑ ሰው ከዘገምተኛው የሚለየው እግሩን አየር ላይ ቶሎ ቶሎ በማመላለስ ነው የሚል ግምት ነበር። ውጤቱ ሌላ ሆነ። ሁሉም በየራሳቸው ከፍተኛ ፍጥነት ሲሮጡ እግራቸውን ከኋላ ወደ ፊት ለመመለስ የሚወስድባቸው ጊዜ ተቀራራቢ ነው። ትልቁ ልዩነት መሬት ላይ ነው፤ ፈጣኖቹ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መሬቱን እጅግ በበለጠ ኃይል ይመቱታል። ምርጥ የአጭር ርቀት ሯጭ በአንድ እግሩ ሲያርፍ፣ በከፍተኛው ነጥብ ላይ ከሰውነቱ ክብደት አራት እጥፍ የሚያልፍ ኃይል ይሸከማል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሆነ ከ280 ኪሎ በላይ ማለት ነው፣ በአንድ እግር፣ ያውም ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ። ጂም ገብቶ ይህን ያህል በአንድ እግሩ የሚያነሳ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እዚያው አሜሪካ ኬኔት ክላርክና ይኸው ዌያንድ በ2014 ነገሩን አንድ ደረጃ ቀረብ ብለው አዩት። ፈጣን የመም ሯጮች ኃይሉን የሚያሳርፉት እግራቸው መሬት ላይ ከሚቆይበት ጊዜ በመጀመሪያው አጋማሽ ነው። ሲነኩ ነው የሚመቱት። ሌላው ስፖርተኛ ነክቶ፣ ሰመጥ ብሎ፣ ከዚያ ይገፋል።

እዚህ ላይ የቁርጭምጭሚት ነገር ይመጣል። በደንብ የተነፋ ኳስ መሬት ሲመታ ወዲያው ይነጥራል፤ አየሩ የጎደለው ግን ተለጥፎ ይቀራል። የሯጭ ቁርጭምጭሚትም እንዲሁ ነው። እግሩ ሲያርፍ ባቱና የተረከዝ ጅማቱ አስቀድመው ከተወጠሩ ሰውነቱን ወዲያው ይመልሱታል። ከላሉ ተረከዙ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ጊዜውም ይባክናል። ማረፊያው ከጣቶች ሥር ያለው ሰፊው የውስጥ እግር ክፍል ነው። የአጭር ርቀት የመም ጫማ ሹል ብረቶቹ ከፊት ብቻ የሚተከሉትም ለዚሁ ነው። ተረከዙ ለአፍታ መሬቱን ነካ ቢያደርግ ችግር የለውም፤ ብዙ ምርጥ ሯጮች ያደርጉታል። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት «በጣትህ ሩጥ» ሲባሉ ነው። በእግራቸው ጣት ጫፍ ለመሮጥ ጣታቸውን ቁልቁል ይቀስራሉ። የተቀሰረ ጣት ደግሞ ሲያርፍ ይሰምጣል። አየር ላይ ቁርጭምጭሚቱ ሰብሰብ ይበል፤ ሲያርፍ ድርቅ ይበል።

«ጉልበትህን አንሳ!» የሚለውስ ምክር? ይሄኛው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጉልበት የሚነሳው ወደ ታች ለመምታት ነው። ከፍ ያለ ጭን ወደ መሬት ሲወርድ ፍጥነት የሚያጠራቅምበት ርቀት ያገኛል። ምክንያቱን ያልሰማ ልጅ ጉልበቱን ሲያነሳ ጀርባውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ያኔ ትርፉ ድካም ነው።

እስካሁን ያልኩት ቀጥ ብሎ በሙሉ ፍጥነት ስለሚሮጥ ሰው ነው። አነሳሱ ላይ ሕጉ ይለወጣል። በ1896 በአቴንስ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቶማስ በርክ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን መሬት አስደግፎ ሲነሳ ሌሎቹ ቆመው ነበር የሚነሱት፤ በ12.0 ሰከንድም አሸነፈ። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ጄሲ ኦውንስ ሳይቀር የመነሻ ጉድጓዱን በትንሽ መቆፈሪያ ራሱ ነበር የሚቆፍረው። ዛሬ እግር የሚደገፍበት የመነሻ ብሎክ አለ። ሯጩ ሲነሳ ሰውነቱ ወደ ፊት ስላዘነበለ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች እግሩ ከዳሌው ሥር ወይም ከኋላው ያርፋል፤ ቅልጥሙም ወደ ፊት ይጋደማል። ግፊቱ ወደ ኋላ ነው። እግሩም መሬት ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ በመጀመሪያዋ እርምጃ ወደ ሰከንድ ሁለት አሥረኛ ይጠጋል። የልጆቻችን ችግር ሽጉጡ እንደተተኮሰ ቀና ማለት ነው። ቀና ያለ ሰው እግሩ ከፊቱ ያርፋል፣ ገና ሳይፈጥን ፍሬን ይይዛል። ሆኖም መነሻው ላይ ብቻ ሙጭጭ ማለትም አያስፈልግም። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ የመቶ ሜትር ፍጻሜ አሜሪካዊው ኖዋ ላይልስ 30ኛው ሜትር ላይ ከስምንቱ መጨረሻ ነበር፤ ጃማይካዊውን ኪሻን ቶምፕሰንን በ0.005 ሰከንድ ልዩነት ቀድሞ ወርቁን ወሰደ።

ስለ ሰውነት ቅርፅ የሚጠይቁ አድማጮች ይኖራሉ። ቦልት ቁመቱ 1.95 ሜትር ነው። የአገሩ ልጅ ሼሊ-አን ፍሬዘር-ፕራይስ 1.52 ሜትር ናት፤ በ2021 ሎዛን ላይ በ10.60 ሰከንድ ሮጣለች። እሱ በጥቂት ረጃጅም እርምጃ፣ እሷ በብዙ አጫጭር እርምጃ። አሜሪካዊው ማይክል ጆንሰንም አለ፤ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ እርምጃው አጭር፣ «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሮጠው» የተባለለት። በ1996 በአትላንታ 200 ሜትርን በ19.32 ሰከንድ ጨርሶ የተናገሩትን ሁሉ ዝም አሰኘ፤ ያንን ክብረ ወሰን ለመስበር 12 ዓመት ፈጅቷል። ቦልት ራሱ አከርካሪው የተጣመመ፣ ቀኝ እግሩ ከግራው ትንሽ የሚያጥር ሰው ነው፤ የዌያንድ ቡድንም የአንድ ውድድሩን ፊልም መርምሮ ሁለቱ እግሮቹ መሬቱን እኩል እንደማይመቱት አሳይቷል። ስለዚህ እኔ «ትክክለኛው አሯሯጥ ይህ ነው» ብሎ ሁሉንም ልጅ በአንድ ልክ ለመስፋት የሚነሳን ሰው አላምነውም። ቁመት፣ እጅ፣ ጀርባ ይለያያል። ከፈጣኖቹ መካከል እግሩን አርቆ ዘርግቶ በተረከዙ የሚያርፍ ግን ፈልጋችሁ አታገኙም።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል፣ እኛ የረጅም ርቀት አገር ነን የሚል ካለ፣ ምሩጽ ይፍጠርን ላስታውሰው። በ1980 በሞስኮ በአምስት ሺህም በአሥር ሺህም ወርቅ ያጠለቀው «ማርሽ ቀያሪው» በመጨረሻው ዙር በመፈትለኩ ነው። በ2000 ደግሞ በሲድኒ ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ከአሥር ሺህ ሜትር በኋላ የነበረው ልዩነት በአጨራረስ ፍጥነታቸው ቢሰላ የአንዲት እርምጃቸውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። የመጨረሻው መቶ ሜትር የአጭር ርቀት ሩጫ ነው፣ ያውም በደከመ እግር። የደከመ ሰው ደግሞ የሚፈተነው በዚሁ ነገር ነው፤ ዳሌው ይወርዳል፣ እግሩን ወደ ፊት እየወረወረ መስመሩን ሊይዘው ይሞክራል። እግሩን ወደ ሥሩ አቅርቦ እያሳረፈ መቆየት የቻለው ያልፈዋል።

ሬዲዮ ላይ ስለ እግር ማውራት ከባድ ነው፤ አታዩኝም። ግን አረጋገጥ ድምፅ አለው። እስቲ ስሙ።

(ድምፅ፦ በደረቅ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ኮቴ፤ ከባድና የሚጎተት)

ይሄ ተረከዙ ቀድሞ፣ ከዚያ የፊቱ ክፍል ተከትሎ የሚወድቅ ነው። በአንድ እርምጃ ሁለት ድምፅ ትሰማላችሁ። ቀጣዩን ስሙ።

(ድምፅ፦ የሌላ ሯጭ ኮቴ፤ አጭር፣ ጥርት ያለ፣ እኩል የሚመላለስ)

አንድ ድምፅ ብቻ፣ አጭር። መምህራን፣ ጀርባችሁን ለሜዳው ሰጥታችሁ ልጆቹን አስሩጡና በጆሯችሁ ብቻ ለዩአቸው፤ በጥቂት ጊዜ ትለምዱታላችሁ። አቧራማ ሜዳ ካላችሁም ታድላችኋል። ልጁ ካለፈ በኋላ ሂዱና ዱካውን እዩ። በፊተኛው በኩል ጠለቅ ያለ፣ ጠርዙ ያልፈረሰ አጭር ዱካ ጥሩ ምልክት ነው። ከተረከዙ ጀምሮ ወደ ፊት የተቧጨረ፣ አፈሩን ገፍቶ የከመረ ዱካ ከሆነ እግሩ ሲያርፍ ገና ወደ ፊት እየሄደ ነበር ማለት ነው። ልጁን ጠርታችሁ ራሱ ዱካውን ይየው፤ ከዳር ሆኖ ከመጮኽ የበለጠ ይገባዋል።

ለማረም ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ቀደም ሲል የሞከርነውን የጉልበት ማንሳት መጀመሪያ እየተራመዱ፣ ቀጥሎ እየዘለሉ መሥራት ነው። በቦታ ላይ ሆኖ፣ ጉልበት ብዙም ሳይታጠፍ፣ በቁርጭምጭሚት ብቻ መንጠርም አለ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፁ ጥርት ያለ። ከዚያ ጨርቅ ቀዳችሁ በልጁ እርምጃ ልክ መሬት ላይ በመስመር አንጥፉ፤ በጨርቆቹ መካከል እያረፈ ይሩጥ። ጨርቆቹን ከእርምጃው አርቃችሁ አታንጥፉ፤ ያኔ እናንተ ራሳችሁ «ዘርጋ» ብላችሁታል። ድንጋይ አይሁን፤ ይረገጣል፣ ቁርጭምጭሚትም ይጣመማል።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። በአጭር ርቀት ሩጫ በብዛት የሚጎዳው የኋላ ጭን ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ ከሁሉ በላይ የሚለጠጠው እግሩ ከፊት ተወርውሮ ሊያርፍ ሲል ነው፤ የሚወረወረውን ቅልጥም ይዞ የሚያስቆመው እሱ ነውና። እግሩን አርቆ የሚዘረጋ ልጅ በየእርምጃው ይህንን ጡንቻ ይፈትነዋል። በተረከዙ ሲሮጥ የኖረን ልጅም በአንድ ቀን ወደ ፊተኛው እግሩ አታዛውሩት፤ ባቱና የተረከዝ ጅማቱ አልለመዱም፣ በማግስቱ መራመድ ያቅተዋል። ሰውነት በደንብ ይሙቅ፣ ርቀቱ ሠላሳ ወይም አርባ ሜትር ይሁን፣ በመካከሉ ልጁ ትንፋሹ እስኪመለስ በደንብ ይረፍ። ኮቴው መጎተት ሲጀምር የዕለቱ ሥልጠና አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው ሁሉ መጥፎውን አረጋገጥ መለማመድ ነው።

ስለ ክንድ አወናጨፍ የጠየቃችሁን አድማጮች፣ ጥያቄያችሁ ደርሶናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንመለስበታለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)